ከመረቡ በፊት የወንዙ አፍ፦ በጣና ዳርቻ የሚኖሩ ዓሣ አስጋሪዎችን ስለ መደገፍ

በጣና ሐይቅ ዙሪያ ካሉ አጥቢያዎች ወደ ልማት ክፍላችን የሚደርሱት ማመልከቻዎች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ደብዳቤው በሰበካ ጉባኤው ማኅተም ተደግፎ ይመጣል፤ በአጥቢያው መሬት የሌላቸው ወጣቶች መብዛታቸውን ይገልጻል፤ በመጨረሻም ጀልባና መረብ እንዲሰጣቸው ይጠይቃል። ጥያቄው ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑን አንጠራጠርም። ሐይቁ ከደጃፋቸው ተዘርግቷል፤ ዓሣው በሐይቁ ውስጥ አለ፤ የጎደለው ማውጫ መሣሪያ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጀልባና መረብ ብቻ ለሚጠይቅ ማመልከቻ በጎ መልስ ለመስጠት የምንቸገርበት ምክንያት አለን። ምክንያቱም በአንድ ገጽ የመልስ ደብዳቤ የሚያልቅ ስላልሆነ በዚህ እትም ሰፋ አድርገን ልናስረዳ ወደድን።

ነገሩን ከራሳችን ታሪክ መጀመር ተገቢ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ በጣና ላይ የነበረው የማስገር ሥራ በአመዛኙ በደንገል ታንኳ የሚከናወን ነበር። ታንኳ ከዳርቻው ብዙ አይርቅም፤ ማዕበል ሲነሣ ይመለሳል፤ ደንገሉም ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጥቂት ወራት በኋላ በሌላ ይተካል። የሚጠመደውም በብዛት በጥልቀት አልባው ዳርቻ የሚኖረው ቆሮሶ ነበር። በተጠቀሰው ዓመት የግብርና ሚኒስቴር፣ ቤተ ክርስቲያናችንና ሁለት የኔዘርላንድ የረድኤት ድርጅቶች በጋራ የሐይቁን የዓሣ ሀብት የማልማት ፕሮግራም ጀመሩ። ከድርጅቶቹ አንዱ ኡርክ ከምትባል የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ የተነሣ ነበር። በዚህ ፕሮግራም አማካይነት ባለሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ገባ። ጊዜው ከ1977ቱ ድርቅና ረኃብ ማግስት እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ሰውን ለመመገብ ያልታሰበ ነገር አልነበረም። ውጤቱም ፈጥኖ ታየ። የባለሞተር ጀልባዎቹ ዓመታዊ ምርት እ.ኤ.አ. በ1987 39 ቶን ብቻ ነበር፤ በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። ብዙ ወጣቶች ሙያ ተማሩ፤ በባሕር ዳር የዓሣ ገበያ ተስፋፋ፤ ትዳር የመሠረቱና ልጆች ያስተማሩ ብዙዎች ናቸው።

ስለዚህ ይህን የምናነሣው የቀደሙትን ለመውቀስ አይደለም። በጊዜው በእጃቸው በነበረው ዕውቀት መልካም ሥራ ሠርተዋል። ያልታሰበበት የዓሣው ጠባይ ነበር። ዛሬ ግን ጠባዩ በጥናት ታውቋል፤ እኛም እያወቅን ያንኑ ብንደግም ምክንያት የለንም።

በጣና ለገበያ የሚቀርቡት ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ነጭ ዓሣ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ አንድ ዓይነት አይደለም። ጣና ከታችኛው ዓባይ የተለየው በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው፤ ወደ 40 ሜትር የሚደርሰውን ያን ገደል ከታች ወደ ላይ የሚሻገር ዓሣ የለም። በዚህ ተለይቶ በኖረ ውሃ ውስጥ ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ይገኛሉ። ገሚሱ ሌላ ዓሣ አሳዶ ይበላል፤ ገሚሱ ከጭቃው ትል ይለቅማል፤ የአፋቸው ቅርጽ ሳይቀር እንደየምግባቸው ይለያያል። ከአንዱ በቀር ሁሉም በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ይህን የሚመስል የዝርያዎች ስብስብ በፊሊፒንስ በላናኦ ሐይቅ ነበረ፤ እዚያ በአመዛኙ ጠፍቷል። እንግዲህ የጣናው ቢጠፋ ከየትም አምጥቶ መተካት አይቻልም።

ከእነዚህ ዝርያዎች ግማሽ የሚሆኑት ዕንቁላላቸውን በሐይቁ ውስጥ አይጥሉም። ክረምቱ ገብቶ ወንዞቹ ሲሞሉ፣ ከሐምሌ ጀምሮ፣ ከሰፊው ሐይቅ እየተሰበሰቡ ወደ ወንዞች አፍ ይቀርባሉ። ጉማራ፣ ርብና መገጭ በዚህ የታወቁ ናቸው። ዓሣዎቹ በወንዙ አፍ ጥቂት ይቆዩና ጎርፉን ተቃውመው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከዋናው ወንዝም ወደ ገባሮቹ ይገባሉ። የሚፈልጉት ጥሩ ውሃ የሚፈስበትን ጠጠራማ ስፍራ ነው፤ ዕንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ካልተቀመጠና ንጹሕ ውሃ ካልፈሰሰበት አይፈለፈልም። ከነሐሴ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ጊዜ ዋነኛው ነው። ሥራቸውን ፈጽመው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ፤ ጫጩቶቹም ውሃው ሳይጎድል ተከትለው ይወርዳሉ።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ የሚኖረውን ዓሣ ለመያዝ ነዳጅና ድካም ይጠይቃል። በወንዙ አፍ ግን ዓሣው ራሱ ተሰብስቦ ይመጣል፤ በአንድ ሌሊት የተዘረጋ መረብ የሳምንት ምርት ሊያወጣ ይችላል። የተያዘችው ሴት ዓሣ ሆዷ በዕንቁላል የተሞላ ነው። ነጭ ዓሣ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ ለመራባት የሚደርሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ዘንድሮ ያለቀው በሚቀጥለው ዓመት አይተካም። ከሁሉ የሚከፋው ነገሩ ዓይን የሚያሳስት መሆኑ ነው። የሐይቁ ዓሣ ጠቅላላ ብዛት ቢቀንስም የቀረው በየክረምቱ በዚያው በወንዙ አፍ ስለሚሰበሰብ፣ አስጋሪው መረቡን ሲስብ ዓሣው እንደ ቀድሞው የበዛ ይመስለዋል። መቀነሱን የሚያውቀው እጅግ ዘግይቶ ነው።

ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 ያለውን ሲያነጻጽሩ፣ ወደ ወንዝ የሚወጡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች መጠን በዐሥር ዓመት ውስጥ 75 በመቶ ያህል መቀነሱን አገኙ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሞኖፊላመንት የሚባለው ቀጭንና ርካሽ መረብ ተስፋፋ። ይህ መረብ በውሃ ውስጥ አይታይም፤ በቀላሉ ይበጠሳል፤ ተበጥሶ በሐይቁ የቀረውም ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መያዙን አይተውም። በወንዞቹ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በመበተን ዓሣን ማደንዘዝም የቆየ ልማድ ነው፤ ከነጫጩቱ ይጨርሳል።

አንድ ነገር በትሕትና እንጨምር። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ዓሣው ወደ ወንዝ የሚወጣበት ዋነኛ ጊዜም የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው። ስለ ጾም ምግብ ሥርዓቱ ምን እንደሚል አንባቢዎቻችን ከእኛ በላይ ያውቃሉ፤ በከተማ ያለው ገበያ ግን ሥርዓቱን ሳይጠይቅ ሥጋ በተተወበት ወቅት የዓሣ ፍላጎቱን ይጨምራል። እንዲህ ሲሆን ዓሣው እጅግ መጠበቅ በሚገባው በዚያ ሁለት ሳምንት ዋጋው ከፍ ይላል፤ አስጋሪውም ወደ ወንዙ አፍ ይሳባል። ካህናት ስለ ፍልሰታ በሚያስተምሩበት ሰሞን ይህንንም አንሥተው ቢመክሩ፣ የእኛ ባለሙያዎች በሥልጠና አዳራሽ ከሚናገሩት ይልቅ የሚሰማ ይመስለናል።

ታዲያ ሰበካ ጉባኤው አስጋሪዎቹን ለመርዳት ሲነሣ ከየት ይጀምር? ከመቀመጥና ከመጠየቅ እንዲጀምር እንመክራለን። ለምሳሌ በጉማራ ወይም በርብ አፍ አካባቢ ያለ አጥቢያ ሽማግሌ አስጋሪዎቹን ሰብስቦ ዓሣው መቼ ወደ ወንዙ እንደሚቀርብ፣ የት ድረስ እንደሚወጣ፣ ቀድሞ ይወጣባቸው የነበሩና ዛሬ የማይታይባቸው ገባሮች የትኞቹ እንደሆኑ ይጠይቅ። እኛ ከመጻሕፍት የተማርነውን እነርሱ ከእጃቸው ያውቁታል። ቦታዎቹና ቀኖቹ በወረቀት ከሰፈሩ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ በዚያ ጊዜ የወንዙ አፍ ከመረብ ነጻ ቢሆን፣ አስጋሪው ቤተሰቡን በምን ያኖራል? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ «አታስግሩ» ማለት ምሳ ከፊቱ ያነሡበትን ሰው ጹም ብሎ እንደ መምከር ነው። ነሐሴ ራሱ በገጠር የችግር ወር መሆኑን ማንም ያውቃል፤ የአምናው እህል ያለቀበትና የዘንድሮው ያልደረሰበት ነው።

ስሌቱን አብረን እንሞክረው። ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 15 ያለው፣ ጳጉሜን ጨምሮ፣ 50 ቀን ነው፤ ሰባት ሳምንት ማለት ነው። 20 አባላት ያሉት የአስጋሪዎች የቁጠባ ማኅበር ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ሰኔ መጨረሻ ባለው 38 ሳምንት እያንዳንዱ በሳምንት 50 ብር ቢያስቀምጥ፣ ለአንድ አባል 1,900 ብር ይደርሰዋል። በዐቢይ ጾም ገበያው ስለሚሞቅ በዚያ ስምንት ሳምንት ቁጠባው ወደ 150 ብር ከፍ ቢል ድምሩ 2,700 ብር ይሆናል። ለሰባት ሳምንት ሲከፋፈል በሳምንት 385 ብር ያህል ነው። በዛሬ ኑሮ ይህ ቤተሰብ እንደማያኖር እናውቃለን። ነገር ግን ባዶ አይደለም፤ ቀሪውን ለመሙላት ደግሞ ብድሩ፣ የዶሮው ወይም የጓሮ አትክልቱ ገቢ፣ ከወንዙ አፍ ርቆ የሚገኘውም ምርት አለ። ኮሚሽኑ ገንዘብ ማስገባት የሚሻው ወደዚህ ዓይነቱ ተዘዋዋሪ ብድር ነው። ለ20 አባወራ መረብ የሚገዛ ገንዘብ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ በሁለት ዓመት ይበሰብሳል፤ በተዘዋዋሪ ብድር የገባው ግን በየዓመቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ተመልሶ በሚቀጥለው ነሐሴ እንደገና ይሠራል። ብድሩ እንዳይመለስ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ድኅነት ሳይሆን «የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ስለሆነ ይማሩናል» የሚለው አስተሳሰብ ነው፤ የሰበካ ጉባኤው አባላት በዚህ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ቁርጥ ያለ አቋም ቢይዙ ይሻላል።

ገቢን የሚጨምረው ተጨማሪ ዓሣ ማውጣት ብቻ አይደለም፤ የወጣውን አለማባከን ጭምር ነው። በረዶ በሌለበትና በሞቃት አየር ዓሣ ከአንድ ቀን በታች ይበላሻል። ማለዳ የወጣው እስከ ቀትር ገዢ ካላገኘ አስጋሪው ያገኘውን ዋጋ ይቀበላል። የቆሮሶ ሥጋ ከአጥንቱ ሲለይ ከጠቅላላ ክብደቱ ሢሶ ያህሉ ብቻ ለሽያጭ ይቀርባል፤ ጭንቅላቱና አጥንቱ በየማራገፊያው ተጥሎ ይሸታል። ከዚያው ሾርባ መሥራትና የዶሮ መኖ ማዘጋጀት ይቻላል። ዓሣ የሚያርዱት፣ የሚያጥቡት፣ የሚያደርቁትና በየመንደሩ የሚሸጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ በማመልከቻዎቹ ላይ ግን ስማቸው የለም። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ማድረቂያ አልጋ፣ ጨው፣ ጥላና ንጹሕ ውሃ ያለው የማረጃ ስፍራ ከአንድ ሞተር ዋጋ እጅግ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል። በአሸዋ ላይ የተሰጣ ዓሣ ዝንብና አቧራ ለብሶ በርካሽ ይሸጣል፤ በአልጋ ላይ በጨው የደረቀው ብዙ ይቆያል። አምባዛን ቅርፊት ስለሌለው ብዙው ምእመናን አይመገቡትም፤ ደርቆ ግን በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሸጥ ኖሯል። ይህም ለቆሮሶና ለነጭ ዓሣ እፎይታ ነበር።

ስለ ዳርቻው ጥቂት እንበል። ቆሮሶ የሚራባው በጥልቀት አልባው የዳርቻ ውሃ፣ ሣርና ደንገል ባለበት ነው። እናቲቱ ዕንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ወጥተው አደጋ ሲያዩ ወደ አፏ ይመለሳሉ። አፏን በያዘችበት ጊዜ የምትጠመድ ቆሮሶ ልጆቿን ሁሉ ይዛ ትሄዳለች። የነጭ ዓሣ ጫጩቶችም ከወንዝ ሲወርዱ የሚደበቁት በዚያው በደንገሉ ሥር ነው። ውሃው በበጋ ሲሸሽ «ባሕር ሸሽ» የምንለውን መሬት ለማረስ ደንገሉ ይመነጠራል፤ ቀጥሎ ጎርፉ ደለሉን ሳይጣራ ወደ ሐይቁ ያስገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የታየው እምቦጭ የተመቸው ከመሬቱ በሚታጠበው ደለልና ማዳበሪያ ነው። ምእመናን እምቦጩን በእጅ ለመንቀል ስንት ጊዜ በጭቃ ውስጥ እንደ ዋሉ አንባቢዎቻችን ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ነበራችሁበት። በዚያ ድካም ላይ የደንገል መልሶ ተከላ ካልተጨመረ ግን ሥራው ማለቂያ የለውም።

በዚህ ረገድ ቤተ ክርስቲያን የምታሳየው ምሳሌ በእጇ አለ። የዘጌ ልሳነ ምድርና የደሴቶቹ ገዳማት ዛፋቸው እንዳይቆረጥ ጠብቀው እስከ ዛሬ አቆይተዋል። ጣናም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብ ይኸው ደን ከቅርሱ አንዱ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያ ደን ማንም በምሳር የማይነካው በፖሊስ ስለሚጠበቅ እንዳልሆነ ሁላችን እናውቃለን። በሐይቁ ጠርዝ መሬት ያላቸው አጥቢያዎች ከይዞታቸው ፊት ያለውን ደንገል በዚያው ክብር ቢያቆዩት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ድጋፍ ነው።

ስለ ደንገል ከተነሣ ስለ ታንኳው ባለሙያዎች ዝም ማለት አይገባም። ወይጦ እየተባሉ የሚጠሩት፣ ራሳቸውን ነገደ የሚሉት ወገኖቻችን ከማንም በፊት በዚህ ሐይቅ ላይ የኖሩ አስጋሪዎችና ታንኳ ሠሪዎች ናቸው። ቀድሞ ጉማሬ ያድኑና ይመገቡ ስለ ነበር ጎረቤቱ አርቋቸው ኖሯል፤ ዛሬ በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው፤ መሬት ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ደንገል ሲጠፋ ታንኳው፣ ቅርጫቱም ይጠፋል፤ የእነርሱ መተዳደሪያ አብሮ ይሄዳል። የአስጋሪዎች ማኅበር ሲቋቋም እነርሱን ያላካተተ ማኅበር የወንዙን አፍ ሊጠብቅ አይችልም፤ ስምምነት ያላደረጉ ሰዎች ስምምነቱን እንዲያከብሩ አይጠበቅምና። ኮሚሽኑ እርዳታውን በሃይማኖት አይለይም። ይህን በአጥቢያ ደረጃ መፈጸም ከጽሕፈት ቤት ሆኖ ከመጻፍ እንደሚከብድ እንረዳለን፤ ሆኖም ማመልከቻዎችን ስንመረምር አጥብቀን የምናየው አንዱ ነጥብ ይህ ነው።

ሕጉም ከጎናችሁ ነው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቶ በሥራ ላይ ውሏል፤ ክልሉም የራሱ አዋጅ አለው። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ አፈጻጸሙ ነው፤ በክረምት ሌሊት በየወንዙ አፍ የሚቆም ተቆጣጣሪ ወረዳው የለውም። ራሳቸው አስጋሪዎቹ ተስማምተው በፈረሙትና ቀበሌው ባጸደቀው የውስጥ ደንብ ሲጠበቅ ግን ተቆጣጣሪው ከዚያው መንደር ይገኛል። ከአጥቢያው ዐቅም በላይ የሆኑ ጉዳዮችም አሉ። በርብ ላይ የተሠራው ግድብ ዓሣው ወደ ላይ የሚወጣበትን መንገድ ይዘጋል፤ ከወንዙ አሸዋና ጠጠር መዛቅም ዕንቁላል የሚጣልበትን ስፍራ ያጠፋል። የመጀመሪያውን ለመንግሥት ማሳሰብ የኮሚሽኑ ድርሻ ነው። ሁለተኛውን ግን ራሳችን አንዳንድ ጊዜ እናደርገዋለን፤ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የሚገዛው አሸዋ ከየት እንደሚመጣ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች ይጠይቁ።

ከዚህ በኋላ የሚላክ ማመልከቻ እነዚህን ቢይዝ ፈጥነን እንመለከተዋለን፤ በአጥቢያው አቅራቢያ የሚገኙ የወንዝ አፎችና የደንገል ዳርቻዎች ስም፣ ከሽማግሌ አስጋሪዎች የተሰበሰበው የመራቢያ ቀን፣ ነገደዎችንና ሴቶችን ጨምሮ የአባላት ዝርዝር፣ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የዓሣ ባለሙያ አስተያየት፣ እንዲሁም ማኅበሩ እስካሁን ያስቀመጠው ገንዘብ፣ ትንሽም ቢሆን። ጀልባ የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳለ አንክድም፤ ከመንደር ወደ ገበያ ለማጓጓዝ ከሆነ በደስታ እንወያያለን። ውይይቱ ግን ከግንቦት ወር ባያልፍ መልካም ነው። ደንቡ ለመፈረም፣ ብድሩ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ዓሣው በሐምሌ ወደ ወንዙ አፍ መቅረብ ይጀምራል።